ከባዶው ሳጥን ጎን ያለችው ነጥብ

ሰው ብቻውን ብዙ ሲከርም ዝምተኛ ይሆናል ይላሉ። እኔ ላይ አልሠራም። እኔን ብቸኝነት ያደረገኝ ለፍላፊ ነው፤ ጆሮ ያገኘሁ ዕለት የሆዴን ሁሉ ዘርግፌ የምሄድ። "ምን አለበት፣ ሰው አይደለሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ እንጅባራ ከገባሁ ገና አንድ ክረምት አሳልፌያለሁ። አገሬው እስከ ዛሬ ቆሰበር ነው የሚለው፤ እኔም ስሙን ለምጄዋለሁ። ብርዱን ግን አልለመድኩትም። ከቀርከሃ አጥር ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ጠዋት በጉም እወጣለሁ፣ ማታ በጉም እገባለሁ። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ከልጆቻቸው ጋር በአገውኛ ሲሳሳቁ ግን የእኔ ድርሻ በር ላይ ቆሞ ፈገግ ማለት ነው። ምን እንዳሳቃቸው ብጠይቅ "ኧረ ተይው ልጄ፣ ተራ ነገር ነው" ይሉኛል። ስልኬ የሚጮኸው እሑድ እሑድ እናቴ ስትደውል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ "እንዴት አደርሽ" እና "ደህና ዋይ" ብቻ ተናግሬ የማልፍበት ሳምንት ነበር። ይከፋኝ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሥራዬም ከወረቀት ጋር ነው። በአንድ የእግር እብጠት ሕክምና ክፍል ተቀምጬ የሕመምተኞችን የክትትል መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። በሽታው በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት ያለ ጫማ የሠራን ሰው ነው የሚይዘው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ግን "የዘር ነው" ይላል፤ እንዲህ የተባለ ቤት ደግሞ ሴት ልጅ መዳርም ሆነ ለወንድ ልጅ ሚስት ማምጣት ይከብደዋል።

ሕመምተኞቻችን በሁለት መንገድ ነበር የሚታከሙት። አንዳንዶቹ ሳሙናና ቅባት ይዘው ሄደው ቤታቸው ይታጠባሉ። ሌሎቹ በዚያ ላይ ፋሻና ጫማ ይጨመርላቸዋል። ማን የትኛውን እንዲያገኝ ዕጣ የጣለ የለም፤ ፋሻ ሲኖር የመጣ ፋሻ አገኘ። እኛ በኋላ መጥተን ነው መዝገቡን ገልጠን "ፋሻውና ጫማው ለውጥ አመጣ ወይ?" ብለን የጠየቅነው። መልሱ በሜትር ተለክቶ በተጻፈው የእግር ዙሪያ ውስጥ አለ። ችግሩ፣ የመጨረሻው ልኬት የሚጻፍበት ሳጥን የብዙዎቹ ባዶ ነው። ፋሻ ካገኙት መሃል ደግሞ ባዶው ይበዛል። በጎኑ በነርሷ በሲስተር አስናቀች የእጅ ጽሑፍ "ጠፍታለች"፣ "ጠፍቷል" ይላል። በአንዳንዱ ባዶ ሳጥን ጎን ደግሞ ትንሽ ነጥብ አለች። እኔ እስክሪብቶ ያንጠባጠበው መስሎኝ ነበር። ይችን ነጥብ ያዙልኝ።

አንድ ሐሙስ ዳንግላ የሚቀመጠው አለቃዬ ደወለ።

"ሪፖርቱ ሰኞ ይላካል። ምን ያዘሽ?"

"ባዶዎቹ ያዙኝ።"

"ባዶ ያለባቸውን ሰዎች አውጫቸውና በቀሩት ሥሪያ።"

"ሠርቼው አየሁት። በቀሩት ብቻ ከሄድን ፋሻው ከሳሙናው ምንም አይሻልም ነው የሚለው።"

"እንግዲያው ውጤቱ እሱ ነው።"

"የጠፉት እነማን እንደሆኑ ሳናውቅ?"

"በይ እንግዲያ መጀመሪያ ሲመጡ የተለኩትን እንደ መጨረሻ አድርገሽ ሙይው።"

"ያ ማለት ምንም አልተሻላቸውም ብዬ በራሴ እጅ መጻፍ አይደለም እንዴ?"

በረጅሙ ተነፈሰ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ" አለና ዘጋው።

እልህ ያዘኝ። ነገሩ እኮ የወረቀት ብቻ አልነበረም። ፋሻና ጫማ የሚያቀርቡልን ሰዎች ይህን ሪፖርት ነው የሚጠብቁት። አይሻልም ከተባለ አቅርቦቱ ይቆማል፤ አቅርቦቱ ከቆመ በሲስተር ክፍል ደጅ አግዳሚው ላይ ተራ ይዘው የሚቀመጡት ሰዎች ሳሙና ብቻ ይዘው ይመለሳሉ። ቢያንስ ከጠፉት አንድ ሰው በዓይኔ አይቼ ልለካ ብዬ መዝገቡን ይዤ ወደ ሲስተር ሄድኩ። ሲስተር አስናቀች የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል ትናገራለች። ጣቴን አንድ ስም ላይ አሳረፍኩ። ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ዘንገና አካባቢ፣ ፋሻና ጫማ፣ ጠፍታለች።

ሲስተር ስሙን በመዳፏ ሸፈነችው።

"እሷን ተያት።"

"ለምን?"

"የሰው ገበና ነው፤ ይህን ያህል ይብቃሽ። ከፈለግሽ እኔ ሰው እልክባታለሁ። እሷ በወደደችው ቀን፣ እሷ ባለችው ቦታ ትለኪያታለሽ። ቤት ድረስ ግን አይኬድም።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እንጃ። ሳምንትም፣ ሁለት ወርም።"

"ሪፖርቱ ሰኞ ነው እኮ ሲስተር!"

"ሰኞ የአንቺ ነው፣ የሷ አይደለም" አለችና መዝገቡን መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳልናገር ተነሳሁ። ብርድ ስለነበረ ነጩን ጋወኔን ከሹራቤ ላይ ደረብኩ፣ የሥራ መታወቂያዬን እንኳ ከደረቴ አላወለቅኩም። መዝገቡንና ሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በባጃጅ እስከ ዘንገና መገንጠያ ሄድኩና ለከሰል በተተከለው ዛፍ መሃል በእግሬ ገባሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል። አሁን ሳስበው ምነው ያን ዕለት እግሬን በሰበረው እላለሁ።

ትንሽ እንደሄድኩ ከኋላዬ ሦስት ሽማግሌዎች ደረሱ። ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል፣ ቦቲ ጫማ አድርገዋል። ጨዋታቸውን ከአገውኛ ወደ አማርኛ መለስ አድርገው "እንደምን አደርሽ ልጄ" አሉኝ። ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ ቤት የሚወስደው የትኛው እንደሆነ ብጠይቃቸው "እኛም ወደዚያው ነን፣ እንሂድ" አሉ። በዕድሜ የሚበልጡት አያ ጫኔ ይባላሉ። ጭቃው ሲያንገዳግደኝ አይተው "ያዢ፣ ይህ ከሰው ይሻላል" ብለው ዱላቸውን ሰጡኝ። ራሳቸው አንዱን ጓደኛቸውን ተደግፈው ሄዱ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ስለ እናቴ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አከራዬ፣ ብቻዬን ስለምበላው እራት ሳይቀር ነገርኳቸው። እሳቸውም እየሳቁ ይሰማሉ።

"አግብተሻል?" አሉኝ።

"ኧረ የለም አባባ።"

"እኛ እያለን! ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ እኮ ነን" አሉና ሦስቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሰምቻለሁ፣ ጆሮዬ አልደነቆረም። ልቤ ግን ሰው በማግኘቱ ተጠምዶ ነገሩን አላገናኘም።

"አንቺስ በደህና ነው ወደ አልጋነሽ ዘንድ?" አሉኝ ጥቂት ቆይተው።

"በደህና ነው። እግራቸውን ሊታከሙ ይመጡ ነበር፣ አቋረጡብን።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሦስቱም ቆሙ። አያ ጫኔ ጋወኔን፣ መታወቂያዬን፣ ፊቴን አዩ። ከዚያ በአገውኛ መነጋገር ጀመሩ፤ በቀስታ፣ አንዱ ሌላውን እያስጨረሰ። አንድም ቃል አልገባኝ። በመጨረሻ አያ ጫኔ ወደ እኔ ዞሩ።

"ቤቱ ከዚህ ዛፍ ጀርባ ነው። በቀኝ በኩል ግቢ።"

"እናንተስ?"

"እኛ ሌላ ቀን" አሉና በመጡበት ተመለሱ። ዱላቸው እጄ ላይ እንደቀረ ልብ ያልኩት ከዓይኔ ከተሰወሩ በኋላ ነው።

ግቢው ተጠርጓል። ከበሩ እስከ ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሱ፣ የተወለወለ ጫማ ያደረጉ ሴት በር ላይ ቆመው ከእኔ አልፈው መንገዱን ያያሉ። ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ልጃገረድ ብቅ ብላ አየችኝና ተሸሸገች። ያን ጊዜ ነው የሽማግሌዎቹ ጨዋታ ትዝ ያለኝ።

"ብቻሽን ነሽ?" አሉኝ ሴትዮዋ። ወዲያው ጋወኑን አዩ። "ከሲስተር ዘንድ ነሽ?"

"አዎ፣ ወይዘሮ አልጋነሽ እርስዎ ነዎት?"

መልስ አልሰጡኝም። ዓይናቸው ዱላው ላይ ነው። "ይህ የአያ ጫኔ ዱላ ነው። የት አሉ?"

"ተመለሱ።"

"ለምን ተመለሱ?"

የልፍለፋ ዘመኔ ሁሉ ያን ሰዓት ጥሎኝ ጠፋ።

"ልጄ፣ ምን አልሻቸው?"

ነገርኳቸው። አልጮኹም፤ ቢጮኹ በወደድኩ። መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ልቅሶ ተሰማ።

"ልጄን ብርቱካንን ጥርባ ለምትኖረው ለየሺ ልጅ ነበር የሚጠይቁት" አሉ ወደ ደጅ እያዩ። "ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ዛሬ ቀን ሊቆርጡ ነበር። እግሬን ከቤቴና ከሲስተር በቀር ያየ የለም። ገበያ ሄድኩ እያልኩ ነበር የምመጣላችሁ። ልጄ ስትታጭ ግን አቆምኩ። እናንተ ደጅ አንድ ሰው ካየኝ አለቀልኝ ብዬ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። እንባዬ መጣ። "እግርዎስ… እንዴት ሆነ?"

እዩልኝ! በዚያች ሰዓት እንኳ እግራቸውን ጠየቅኩ። ወይዘሮ አልጋነሽ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ፋሻው ሲያልቅባቸው አሮጌ ነጠላ ቀደው፣ አጥበው፣ በሥርዓት ጠቅልለውበታል። እሱንም ፈቱና እግራቸውን ዘረጉልኝ።

"የመጣሽበትን ውሰጂ እንግዲህ። ለኪ።"

ተንበረከክኩ። ሜትሩን አዞርኩበት። መጀመሪያ ሲመጡ ሠላሳ አራት ሴንቲሜትር ነበር። አሁን ሃያ ሰባት። እንደ ማንኛውም ሰው እግር ነው።

"ተሽሎዎታል" አልኩ።

"ባይሻለኝማ የት እደበቅ ነበር? ያበጠን እግር ማን ይደብቀዋል? እናንተ ዘንድ የቀረው መደበቅ ያቃተው ነው።" ጨርቁን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። "ጠፍታለች ብላችሁ ጽፋችኋል አይደል? እኔ አልጠፋሁም። ቤቴ ነው ያለሁት።"

የጥናቱ መልስ ያ ነበር። አለቃዬም እኔም ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሰን ያጣነው ነገር። የዳኑት በመዳናቸው ጠፉ፤ ያልዳኑት መሄጃ አጥተው መዝገቡ ላይ ቀሩ። በቀሩት ብቻ ስንሠራ መድኃኒቱን የምንፈርድበት ባልተሻላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ግን ደስታ የሚባል አልነበረኝም። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ልጅ አሁንም ታለቅሳለች።

ዱላውን ልመልስ ወጣሁ። ወይዘሮ አልጋነሽ "ከእንግዲህ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፣ አደራሽን" አሉኝ። ከዛፉ ሥር ቆም ብዬ መዝገቡን አወጣሁ። የወይዘሮ አልጋነሽ ባዶ ሳጥን ጎን ነጥብ አለች። ገጹን ገለበጥኩ። ሌላ ነጥብ፣ ሌላ ስም። ሦስተኛው ገጽ ላይ፦ ወይዘሮ የሺ፣ ጥርባ፣ ፋሻና ጫማ፣ ጠፍታለች። ከጎኑ ነጥብ።

እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነጥቧ የእስክሪብቶ ጠብታ አልነበረችም። ሲስተር ለራሷ የምታኖራት ምልክት ናት፦ ይህ ቤት የልጅ ጋብቻ ጉዳይ አለው፣ አትፈልጓቸው፣ ሰው አትላኩባቸው። የወንዱም እናት የሴቷም እናት አንድ በሽታ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ዓይነት ነጥብ። አንዷ ከሌላዋ ትደበቃለች።

አያ ጫኔን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጓደኞቻቸው ቀድመዋቸዋል። እሳቸው ጉልበታቸው ያለ ዱላ እምቢ ብሏቸዋል። ዱላውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

"በሽታው የዘር አይደለም አባባ" አልኩ። "የአፈር ነው። ጫማ ያደረገን አይነካም።"

"አንቺ ትያለሽ።" ጭቃውን በዱላቸው ጫሩት። "ልጅቱ ጨዋ ናት፣ አልጋነሽም ጨዋ ናት። ግን እኔ አደራ ተቀብዬ የመጣሁ ሰው ነኝ። የየሺ ቤት ንጹሕ ቤት ነው። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ፣ አያ ጫኔ እያወቀ ነው ያስገባብን ይሉኛል።"

መዝገቡ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ ገጽ ብገልጥ፣ አንድ ስም ብጠራ የብርቱካን ዕንባ ይደርቅ ይሆናል። ጠዋት ያጠፋሁትን ከሰዓት ላርመው እችላለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጠዋትም እኮ ክፉ አስቤ አልነበረም የተናገርኩት። የወይዘሮ የሺ ገበና የእኔ አይደለም፣ ለመልካምም ቢሆን።

"ደህና ይግቡ አባባ" አልኩ። ቦርሳዬን ሳልከፍት መንገዴን ቀጠልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መንገድ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ለማንም የማልነግረው ነገር ይዤ ነበር የምሄደው።

ሰኞ ሁሉንም ለሲስተር ነገርኳት። መጀመሪያ ራሷን ይዛ "ወይኔ አልጋነሽ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የምትለውን ሁሉ አለችኝ፤ እዚህ አልደግመውም፣ ይገባኛል። መጨረሻ ላይ "ለአያ ጫኔ ስለ የሺ ነገርሽው?" ብላ ጠየቀች።

"አልነገርኩም።"

"ለየሺ ራሷ የሚነግራት ሰው እኔ ነኝ" አለች። "ልትናገር ብትወድ አፉ የሷ ነው፣ ባትወድም የሷው።"

ለአለቃዬ ያን ዕለት የላክሁት ሪፖርት ባዶውን አልጣለም፣ አልሞላምም። የጠፉት ከቀሩት ጋር አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም፣ ስለዚህ በቀሩት ብቻ መፍረድ አንችልም፣ ጊዜ ይሰጠን ብዬ ጻፍኩ። የማንንም ስም አላነሳሁም። ተቆጣ፣ ግን ጊዜ ለመነልን። ሲስተር ሰው እየላከች፣ ሰዎቹ ፈቅደው በመረጡት ቀንና ቦታ፣ አንዳንዱን ዘመድ ቤት፣ አንዳንዱን ገበያ ዳር በአንዲት ሱቅ ጓዳ ለካናቸው። የባሰባቸውም ነበሩ። የሚበዙት ግን እንደ ወይዘሮ አልጋነሽ ተሽሏቸዋል። ፋሻውና ጫማው አልቆመም። ያላገኘናቸውን ባዶ ተውኩ፤ ብቻ ከጎኑ ሌላ አምድ ጨመርኩ፣ "ለምን ባዶ ሆነ?" የሚል። ማን እንደሆኑ አይናገርም፣ ለምን እንደቀሩ ግን ይናገራል።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ዛሬም ወረቀት ላይ ነው የምሠራው። ባዶ ሳጥን ባየሁ ቁጥር የተጠረገ ግቢና የተጎዘጎዘ ቄጤማ ይታየኛል። እናንተም አንድ ሰው ከመንደራችሁ፣ ከማኅበራችሁ፣ ከስልካችሁ ሲጠፋባችሁ፣ በራሳችሁ ግምት አትሙሉት፣ አልነበረም ብላችሁም አታውጡት። የምትጠይቁትን ሰው ግን ምረጡ። ደግሞም ብቻችሁን ስትሆኑ አፋችሁን ጠብቁት፤ ዝም አይነቅዝም።

ወይዘሮ የሺ ምን ብለው ለማን እንደተናገሩ አላውቅም። አልጠየቅኩም። ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ፈረሶች በቃጭል አጊጠው፣ ሙሽራ መሃል አድርገው በአስፋልቱ ወደ ጥርባ ሲያልፉ ከአጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ። የማን ሠርግ እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ ማንም አልጠራኝም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሥራ ስገባ አግዳሚው ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በቀን ብርሃን፣ ደጅ ላይ። አንዷ ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው።

ሲስተር ሜትሯን ይዛ ወጣች። "ከአማቻቸው ከወይዘሮ የሺ ጋር ነው የመጡት" አለችኝ፤ ድምፅዋ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው።

ወይዘሮ አልጋነሽ እጃቸውን አነሱ። "አንቺ ተይው ሲስተር። ያቺ ትለካኝ።"

ሄጄ ተንበረከክኩ። ልላቸው የምፈልገው ነገር ብዙ ነበር። ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ዳር ላይ ፈገግታ ያለ መሰለኝ።

"ለኪ" አሉኝ። "ዝም ብለሽ።"

ዝም ብዬ ለካሁ።